«ሪህ ነው» ከማለታችን በፊት፦ የመገጣጠሚያ ሕመሞችን እንዴት እንለይ? ሐኪም ጋ የሚያስኬደውስ የቱ ነው?

ጉልበት ሲያመን «ሪህ ነው» እንላለን። ጣት ሲያብጥ «ሪህ ነው»። ወገብ ሲይዘን «ብርድ ነው»። ትከሻ ሲጠዘጥዘን «ቁርጥማት ነው»። ስም ካወጣንለት በኋላ መጠየቅ እናቆማለን። ማስታገሻ እንገዛለን፣ ቅባት እንቀባለን፣ እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

ችግሩ እነዚህ ሁለት ሦስት ቃላት ከ100 በላይ የተለያዩ በሽታዎችን ተሸክመው መዞራቸው ነው። አንዱ ቀስ እያለ ለ20 ዓመት አብሮ ይኖራል። ሌላው በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያን ያበላሻል። ለአንዱ ፍቱን የሆነው መድኃኒት ለሌላው ምንም አይፈይድም። «ሪህ ነው» ማለት «መኪናው ተበላሽቷል» እንደማለት ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ምኑ?

ደግነቱ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ልንመልሳቸው የምንችላቸው ጥያቄዎች አሉ። ሕመሙ በቀን የትኛው ሰዓት ላይ ይብሳል? የትኞቹን መገጣጠሚያዎች ያዘ? በምን ያህል ጊዜ ውስጥ መጣ? ከመገጣጠሚያው ሌላ ምን ያመናል? ሐኪምም አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን ማወቅ ራስን ለማከም አይደለም። ለሐኪም በደንብ ለመናገር፣ በተለይ ደግሞ ነገ የማይባለውን ሕመም ለይቶ ለማወቅ ነው።

መገጣጠሚያ ውስጥ ምን አለ?

ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ መገጣጠሚያ ይባላል። አንጓም ይሉታል። የአጥንቶቹ ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ነጭና አንሸራታች ሽፋን ተለብጧል። ዙሪያውን እንደ ከረጢት የሚያቅፈው ነገር አለ። የከረጢቱ የውስጥ ገበር እንደ እንቁላል ነጭ ወፈር ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ እንደ ቅባት ሆኖ አጥንት ከአጥንት ሳይፋተግ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

አሁን አንድ የበር ማጠፊያ ያስቡ። በሩ አልከፈት አልዘጋ ሲል ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ማጠፊያው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። አሸዋ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ወይም የቤቱ ዘበኛ ሌባ መስሎት ማጠፊያውን በዱላ እየቀጠቀጠው ይሆናል። ወይም ደግሞ ቤቱ እሳት ተነሥቶበታል። በአራቱም ጊዜ በሩ አይሠራም። መፍትሔው ግን ለየቅል ነው።

የተበላው ማጠፊያ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። አሸዋው እውነተኛው ሪህ ነው። የተሳሳተው ዘበኛ ሩማቶይድ አርትራይተስና መሰሎቹ ናቸው። እሳቱ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው። «አርትራይተስ» የሚለው ቃል ራሱ የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። ብግነት ደግሞ አንድ የሰውነት ክፍል ተቆጥቶ ሲያብጥ፣ ሲሞቅ፣ ሲቀላና ሲያም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መገጣጠሚያ አካባቢ የሚሰማ ሕመም ሁሉ አርትራይተስ አይደለም። ጅማት ወይም ጡንቻ ሲጎዳም እዚያው አካባቢ ያማል። ጅማት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚያመው በአንድ አቅጣጫ ስናንቀሳቅሰው ነው፤ በጣት የሚጠቆም አንድ ነጥብም ይኖረዋል። ችግሩ መገጣጠሚያው ውስጥ ሲሆን ግን በየትኛውም አቅጣጫ ያማል። ሌላ ሰው ይዞ ሲያንቀሳቅስልንም ያማል።

ጠዋት ለመፍታታት ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ አስታውሱ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

አንዲት የቅርብ ዘመዴ ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት አልወጣ አላት። ሳሙና ቀብታም እምቢ አለ። «ልብስ በማጠብ ብዛት ነው» አለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ተሳናት። ኩባያ በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። ሰው ሰላም ሲላት እጇን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ሲጨብጧት ያማታላ። ረፋዱ ላይ ግን ይለቃታል። ከሰዓት በኋላ ስታዩዋት ምንም የሌለባት ትመስላለች። ስለዚህ ማንም አላመናትም። እሷም ራሷን አላመነችም። ወራት አለፉ።

ጠዋት ጠዋት እጇ እስኪፍታታ የሚፈጀው ያ ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ነገሩን ሁሉ ይናገር ነበር። መገጣጠሚያ በመበላት ብቻ ሲያም ጠዋት ትንሽ ተሳስሮ ይነሣል። ግን ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ይፍታታል። ብግነት ሲሆን መተሳሰሩ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይም ይቆያል። ሌላም ልዩነት አለ። የተበላ መገጣጠሚያ ሲሠራበት ያማል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። በብግነት የተያዘው ግን ሲያርፍ ይብስበታል፣ ሲንቀሳቀስ ይለቀዋል። የዘመዴ ሕመም በመጨረሻ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሆኖ ተገኘ።

ኦስቲዮአርትራይተስ የእርጅና ጣጣ ነው?

ከሁሉም ዓይነት በብዛት የሚታየው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ወደ 528 ሚሊዮን ሰዎች አብረውት ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ 73 በመቶው ከ55 ዓመት በላይ ናቸው። 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው።

ዕድሜ ዋና ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ጉዳት፣ ዘርና ለዓመታት የተሠራ ከባድ የጉልበት ሥራ ድርሻ አላቸው። በ25 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰበት ሰው በ45 ዓመቱ ሊጀምረው ይችላል።

ቦታ ይመርጣል። ጉልበት፣ ዳሌ፣ የእጅ አውራ ጣት ሥር፣ ከጥፍር ቀጥሎ ያለው የጣት አንጓ፣ አንገትና ወገብ ላይ ይወጣል። ጣት ላይ ሲሆን አንጓው ጠጠር ያለ እብጠት ያወጣል። ሲነኩት አጥንት ነው እንጂ ልም አይደለም። የዳሌው ሕመም ብዙ ሰው ያሳስታል። ዳሌ ሲታመም ሕመሙ የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው። አንዳንዴ ጉልበት ድረስ ይወርዳል። ጉልበቱን ብቻ እያሸ ዓመት የሚያልፍበት ሰው አለ።

ሕመሙ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ደረጃ ሲወርዱ፣ ቁጭ ብለው ሲነሡ፣ ረጅም መንገድ ሲሄዱ። ትኩሳት የለውም። ሰውነት አያከሳም። እነዚህ ካሉ ሌላ ነገር ይፈለግ።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ የተሳሳተ ምክር አለ፤ «ጉልበትህ አልቋል፣ አትንቀሳቀስ» የሚለው። የጉልበት መከታው የጭን ጡንቻ ነው። ሰው ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፣ ሕመሙም ይብሳል። ስለዚህ በመጠኑ መራመድ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው ዋና ክፍል ናቸው። ክብደት መቀነስም እንዲሁ። በጥናት እንደታየው አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ሸክም በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በቀን የምንራመደውን እርምጃ ብዛት ሲያስቡት ቀላል አይደለም።

መገጣጠሚያው ፈጽሞ ሲያልቅና ሰውየው ሌሊት መተኛት ሲያቅተው ጉልበትን ወይም ዳሌን በሰው ሠራሽ የመቀየር ቀዶ ሕክምና አለ።

ጣትን ቋ ቋ እያደረጉ ማንጫጫትስ? ብዙ እናቶች «ተው፣ ቁርጥማት ያመጣብሃል» ይላሉ። ዶናልድ ኡንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምም ልጅ ሳለ ከእናቱ ይህንኑ ሰምቶ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የግራ እጁን ጣቶች ብቻ በየቀኑ እያንጫጫ ቀኙን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን በሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። በሁለቱም እጆቹ አርትራይተስ አልነበረም። የአንድ ሰው ሙከራ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ግን በብዙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ማንጫጫት አርትራይተስን እንደሚያመጣ አላሳዩም።

ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ ምን ማለት ነው?

ሰውነታችን ጀርም የሚዋጋ የመከላከያ ኃይል አለው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ይህ ኃይል ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያ ገበር እንደ ጠላት ይወጋል። ገበሩ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ካርቲሌጁንና አጥንቱን መብላት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች እንዳሉበት ገምቷል። 70 በመቶው ሴቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሥራና በቤተሰብ ዕድሜ ላይ ነው፤ ከ30 እስከ 60 ባለው።

መለያው ይህ ነው። ትንንሽ መገጣጠሚያዎችን ይወዳል፤ ጣት ከመዳፍ የሚገናኝበትን፣ የጣትን መካከለኛ አንጓ፣ የእጅ አንጓን፣ የእግር ጣቶችን ሥር። ከጥፍር ቀጥሎ ያለውን የመጨረሻ አንጓ ብዙ ጊዜ አይነካም። አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ይወጣል። የቀኝ እጅ ካበጠ የግራውም ይከተላል። እብጠቱ ሲነካ እንደ ስፖንጅ ልም ይላል። የአራቱን ጣቶች ሥር ከጎንና ከጎን ይዞ በቀስታ ጨመቅ ሲያደርጉት ያማል። ከዚህ ጋር ድካም አለ፤ እንቅልፍ የማያሽረው ድካም። ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ምግብ ማስጠላትና መክሳትም ሊኖር ይችላል። ሳንባን፣ ዓይንንና ልብንም ሊነካ ይችላል።

እዚህ ጊዜ ወርቅ ነው። የማይመለሰው ጉዳት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። የጠመመ ጣት በመድኃኒት አይቃናም። እንዳይጠም ማድረግ ግን ይቻላል። ስለዚህ ከሁለት በላይ መገጣጠሚያ አብጦ፣ የጠዋት መተሳሰሩም ረዝሞ ስድስት ሳምንት ካለፈ ወራት መጠበቅ አይገባም። ከተቻለ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም ይየው፤ ካልተገኘ የውስጥ ደዌ ሐኪም።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። የተሳሳተውን ዘበኛ ያረጋጋዋል። ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው በዚህ መካከል ነው። አንድ ነገር ግን በደማቅ ይጻፍ፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ መውሰድ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ልትወስደው አይገባም።

እውነተኛው ሪህ የቱ ነው?

ሰውየው ደህና ሆኖ ተኛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእግሩ አውራ ጣት ሥር በእሳት የተጠበሰ መስሎት ነቃ። ጣቱ ቀልቷል፣ ያብረቀርቃል። አንሶላ ሲነካው ይጮኻል። መሬት መርገጥ የማይታሰብ ነው። ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ምንም ባይደረግለትም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ከዚያ ምንም የለም። ወር፣ ስድስት ወር፣ ዓመት። ሰውየው ይረሳዋል። አንድ ሌሊት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪሞች ሪህ የሚሉት ይህን ነው። ምክንያቱ ዩሪክ አሲድ ነው። ዩሪክ አሲድ ሰውነት የራሱን ሴሎችና አንዳንድ ምግቦችን ሲፈጭ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው። ሁለት ሦስተኛው በኩላሊት በኩል ይወጣል። ሻይ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ምን ይሆናል? አልሟሟ ይልና ታች ይዘቅጣል። ዩሪክ አሲድም በዴሲሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ እንደዚሁ ይዘቅጥ ጀመር። ስኳርም የበለጠ የሚዘቅጠው ሻዩ ሲቀዘቅዝ ነው። የእግር ጣት ደግሞ ከሰውነት ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ነው። የሚዘቅጠው ነገር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ሕመሙ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ይህ ብቻ ይበቃል።

በብዛት ወንዶችን ይይዛል። ሴቶች ላይ የሚበዛው የወር አበባ ከቆመ በኋላ ነው። አውራ ጣት ብቻ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ የእጅ አንጓና ክርንም ይነካል። ሳይታከም ዓመታት ካለፉ በጆሮ ጠርዝ፣ በክርንና በጣቶች ላይ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ነገር የያዘ እብጠት ይወጣል።

ሪህ ያለበት ሰው ከሕመሙ በላይ ወቀሳው ያደክመዋል። «ሥጋ አበዛህ፣ መጠጥ አበዛህ» ይባላል። እውነት ነው፤ ቢራ፣ ጉበትና ኩላሊትን የመሳሰሉ የሆድ ዕቃ ሥጋዎች፣ በስኳር የተሞሉ ለስላሳ መጠጦች ያባብሱታል። ነገር ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ዘርና ኩላሊት ናቸው። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ሥጋ እርግፍ አድርገው የተዉና ሕመሙ ያልተዋቸው ሰዎች ጥፋተኞች አይደሉም። ምግብ ብቻውን የሚያወርደው በጥቂቱ ነው።

ሕክምናው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። አንደኛው የተነሣውን ሕመም ማጥፋት ነው። ለዚህ ኮልቺሲን፣ የብግነት ማስታገሻዎች ወይም ለአጭር ጊዜ ስቴሮይድ (ብግነትን በኃይል የሚያበርድ መድኃኒት) ይሰጣል። ሁለተኛው አሸዋውን ማስወገድ ነው። ለዚህ አሎፑሪኖል የሚባለው መድኃኒት በየቀኑ፣ ለዓመታት ይወሰዳል። ዓላማው ዩሪክ አሲድን ከ6 በታች ማውረድና እዚያው ማቆየት ነው። አሎፑሪኖል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። የተከማቸው ሲሟሟ ነው የሚነካካው። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ማቋረጥም አያስፈልግም። ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው።

ሪህን የሚመስል አንድ ሌላ አለ። የካልሲየም ክሪስታል መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገኝ የሚመጣ ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ጉልበትና የእጅ አንጓ በድንገት ያሳብጣል። ከሪህ የሚለየው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ ሲታይ ነው።

ወጣት ወገቡን ሲይዘውስ?

አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከአቀማመጥ ነው፤ ያልፋል። አንድ ዓይነት ግን ለብቻው ይታይ። ሰውየው ከ45 ዓመት በታች ነው። ሕመሙ ሳያስታውቅ ጀምሮ ከሦስት ወር አልፏል። ሊነጋ ሲል ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት ወገቡ እንደ እንጨት ድርቅ ይላል። የሚገርመው፣ ሲተኛ ይብሰዋል፣ ሲንቀሳቀስ ይሻለዋል። ይህ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ቆይቶ የጀርባ አጥንቶችን እርስ በርስ የሚያጣብቅ ብግነት ነው። ተለይቶ እስኪታወቅ ብዙ ሰው ዓመታት ይፈጅበታል፤ «ከባድ ነገር አንሥተህ ነው» ስለሚባል። ዓይን በድንገት ቀልቶ ካመመና ብርሃን ካስጠላ ደግሞ የዚሁ በሽታ አካል ሊሆን ይችላል። ለዓይኑ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

ሶራያሲስ የሚባል ቆዳን የሚያቀላና ቅርፊት የሚያወጣ በሽታ ያለባቸው ሰዎችም መገጣጠሚያቸውን ሊያማቸው ይችላል። አንድ ጣት ሙሉውን አብጦ ድፍን ይላል፤ ጥፍር ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ተረከዝ ያማል። ሐኪም ስለ ቆዳዎ ሲጠይቅ ነገሩ አይገናኝም ብለው አይለፉት። ከተቅማጥ ወይም በግብረ ሥጋ ከሚተላለፍ ኢንፌክሽን በኋላ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሲያብጥም እንዲሁ። ማፈር አይገባም፤ መናገር ነው።

ልጅ «እግሬን አመመኝ» ሲል

ልጆችም አርትራይተስ ይይዛቸዋል። ትንንሾቹ አመመኝ አይሉም። ጠዋት ያነክሳሉ፣ እቀፉኝ ይላሉ፣ መጫወት ይተዋሉ። ከሰዓት በኋላ ይሮጣሉ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መገጣጠሚያው አብጦ ስድስት ሳምንት ከቆየ የልጆች አርትራይተስ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ዓይኑም ጭምር ይታይ። በዓይን ውስጥ ያለው ብግነት ሳያምና ሳይቀላ እይታን ሊጎዳ ይችላልና።

ከዚህ ሌላ የቶንሲል ነገር አለ። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተነሣ የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ አንዳንድ ልጆችን ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ ትልልቅ መገጣጠሚያዎቻቸውም ያብጣሉ። ዛሬ ጉልበት፣ ከነገ ወዲያ ክርን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት። እየዞረ ነው። በብዛት ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ላይ ይታያል። ስሙ ሩማቲክ ፊቨር ነው። መገጣጠሚያው ምንም ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ወላጅም «ዳነ» ብሎ እፎይ ይላል። አደጋው ያለው ልብ ላይ ነው፤ የልብን በሮች ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የሚዞር የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ያለው ልጅ ልቡ ሳይታይ መቅረት የለበትም። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ በሽታው እንዳይመለስ ነው። ልጁ ደህና ስለመሰለ ብቻ አይቋረጥም።

መቼ ነው ዛሬውኑ መሄድ ያለብኝ?

አንድ መገጣጠሚያ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካበጠ፣ ሲነኩት ከሞቀ፣ ማንቀሳቀስም ካቃተ፣ ነገ ማለት የለም። በተለይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ። ይህ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ካርቲሌጅን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል፤ ወደ ደም ገብቶ ሕይወትንም ያሰጋል።

ትኩሳት ባይኖርም ይሂዱ። አረጋውያን፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ስቴሮይድ የሚወስዱና የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች ላይ ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል። ሪህ ኖሮብዎት «ያው የተለመደው ነው» ያሉትም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አብረውም ሊገኙ ይችላሉ። የሚለያቸው በመርፌ ከመገጣጠሚያው የተቀዳ ፈሳሽ ምርመራ ነው። ሐኪሙ ፈሳሽ እቀዳለሁ ሲል አይፍሩ። ለአፍታ ያማል፣ ግን መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ትኩስ ሆኖ ያበጠ መገጣጠሚያን ማሸትና መጠምዘዝ ግን ፈጽሞ አይገባም።

በተመሳሳይ ቀን መታየት ያለባቸው ሌሎችም አሉ። ከወደቁ ወይም ከተመቱ በኋላ መርገጥ ካልቻሉ። ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከዛለ፣ በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ።

ቀናት ሳይሆን ሳምንታት የሚሰጡት፣ ግን ወራት የማይሰጡትም አለ። እብጠቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያስር ከሆነ። ክብደት ከቀነሰና ማታ ማታ ላብ ካለ፤ የመገጣጠሚያና የጀርባ አጥንት ቲቢ ቀስ ብሎ የሚመጣው እንደዚህ ነውና። ወይም አንዲት ወጣት ሴት ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር የፊት ሽፍታ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል ወይም የፀጉር መርገፍ ካለባት፤ ሉፐስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት።

የደም ምርመራዬ «ፖዘቲቭ» ነው፤ ታዲያ በሽታው አለብኝ?

ላይኖርብዎት ይችላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲጠረጠር የሚታዘዘው አር.ኤፍ የሚባለው የደም ምርመራ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይበዛል። በተቃራኒው ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ላይ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ኤ.ኤስ.ኦ የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ የሚነግረን ሰውነት በቅርቡ ከስትሬፕቶኮከስ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው። ኤ.ኤስ.ኦ ከፍ ስላለ ብቻ «ሪህ አለብህ» ማለት አይቻልም። ዩሪክ አሲድም ያው ነው። ከፍ ብሎባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሪህ የማይነካቸው ሰዎች ይበዛሉ። ሪህ በተነሣበት ሳምንት ደግሞ ልኩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ራጅም ያሳስታል። የሩማቶይድ መጀመሪያ ላይ ራጅ ንጹሕ ይሆናል። በሌላ በኩል ራጁ «አልቋል» የሚያሰኝ ጉልበት ኖሮት ብዙም የማያመው ሰው አለ። ስለዚህ ወረቀቱ ከታሪኩና ከሐኪሙ እጅ ጋር ነው የሚነበበው።

ማስታገሻ እየወሰዱ መቆየትስ ምን ችግር አለው?

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ፣ ለሚገባው ሰው። ለወራት ያለ ሐኪም ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። የልብ፣ የኩላሊትና የጨጓራ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሳይጠይቁ መጀመር የለባቸውም። ሁለት ዓይነት ደርቦ መውሰድም አደጋውን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።

ከዚህ የባሰው ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የወሰደ ሰው በሁለት ቀን ይፈታል። ተአምር ይመስላል። ያለ ክትትል ሲቆይ ግን አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳር ያወጣል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ከሳምንታት በኋላ በድንገት ማቋረጡም ራሱ አደገኛ ነው። «ንጹሕ ዕፅዋት» ተብሎ የሚሸጥ የመገጣጠሚያ መድኃኒት በሁለት ቀን ከፈወሰዎት ይጠርጥሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ባሉ ማሟያዎች ውስጥ ዴክሳሜታሶንና ዳይክሎፌናክ ሳይጻፍባቸው ተደባልቀው ማግኘቱን አሳውቆ ነበር።

ሐኪም ጋ ምን ይዤ ልሂድ?

ያበጠውን መገጣጠሚያ ባበጠበት ሰዓት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ቀጠሮው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እብጠቱ ይደበቃል። ከጤነኛው ጎን ጋር አብሮ ቢነሣ ይመረጣል። ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋት ከተነሡ በኋላ እጅዎ የተፍታታበትን ሰዓት ይጻፉ። መጀመሪያ ያመመዎት የቱ እንደነበር፣ ቀጥሎ የቱ እንደመጣ ያስታውሱ። በቅርቡ የጉሮሮ ሕመም፣ ተቅማጥ፣ የዓይን መቅላት ወይም የቆዳ ሽፍታ ነበረ? በቤተሰብ ውስጥስ?

የሚወስዱትን ሁሉ በነካርቶኑ ከረጢት ውስጥ ያስገቡና ይውሰዱ፤ መርፌውን፣ ቅባቱንና ጎረቤት የሰጠዎትን ስም የሌለውን ክኒን ጭምር።